የቡታጅራው የማይል ዕቁብ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ቢሮው ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። ባለቤቱ አቶ ግርማ በሩ ላይ ቆመው ከመንገዱ ማዶ ካለው ፎቶ ቤት ባለቤት ጋር ስለ ጄኔሬተር ይነጋገራሉ። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ አግብታ ወደ ሐዋሳ ልትሄድ ነው፤ ከኋላዬ ቆማ፣ በትከሻዬ ላይ እጇን አሳልፋ የኮምፒውተሩን ቁልፎች ታሳየኛለች። ጥበቃው ጋሽ ከድር ከመስኮቱ ስር ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሐጂ ነስሩ ከባንኮኒው ፊት ቆመዋል። እኔ ብቻ ተቀምጫለሁ። አዲስ ሠራተኛ ተቀምጣ ሌላው ሰው ሁሉ መቆሙ አሳፍሮኝ ነበር።

ሐጂ ነስሩ ከደረት ኪሳቸው ሰማያዊ ካርድ አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

«ስንት ደረሰልኝ?» አሉ።

ከደንበኛ አፍ የሰማሁት የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። ሥራዬን እስክለቅ ድረስም ከዚህ የበለጠ የሰማሁት ጥያቄ የለም።

ባለቤቴ መምህር ነበር። ከደሴ ወደ ቡታጅራ ተዛውሮ ነው የመጣነው፤ ሲሞት እኔ እዚሁ ቀረሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ታይፕ እችል ነበር። አቶ ግርማ ለጉዞ ወኪል ቢሯቸው ሰው ሲፈልጉ «ትልቅ ሰው እፈልጋለሁ፣ ወጣቶቹ እያገቡ ይሄዱብኛል» ብለው ቀጠሩኝ። የሥራ መደቤ ትኬት ሠራተኛ ይባላል። ፓስፖርት እቀበላለሁ፣ ስም አስገባለሁ፣ ቦታ እይዛለሁ፣ ትኬት እቆርጣለሁ፣ የሻንጣውን ኪሎ እነግራለሁ። ሥራው ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። አየር መንገዱ ደጋግሞ ለሚበር ሰው የአባልነት ካርድ ይሰጣል። ሰውየው በበረረ ቁጥር የሄደበት ርቀት በማይል ተቆጥሮ በስሙ ይጠራቀማል። ሲበቃው በማይሉ ትኬት ይቆረጥለታል። ጀማሪ ሰማያዊ ካርድ ይይዛል፤ ብዙ የሚበር ወደ ብርማ፣ ከዚያም ወደ ወርቅማ ካርድ ያድጋል። ወርቁን የያዘ ሰው ተጨማሪ ሻንጣ ይፈቀድለታል፣ የሚሰለፍበት መስመር ሌላ ነው፣ የሚጠብቅበት ክፍልም ሌላ ነው። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነገር ነው። አቶ ግርማ ግድግዳው ላይ የሰቀሉት ፖስተርም የሚናገረው እስከዚህ ድረስ ያለውን ነው፦ «እየበረሩ ያጠራቅሙ፤ በነፃ ይብረሩ።»

ፖስተሩ ላይ ያልተጻፈው ሁሉ የእኔ ሥራ ነበር። ርካሽ ትኬት ትንሽ ማይል ብቻ እንደሚሰጥ፣ አንዳንዱም ጨርሶ እንደማይሰጥ የምናገረው እኔ ነኝ። ማይል ሳይነካ ከቆየ እንደሚቃጠል የምናገረው እኔ ነኝ። በአንድ አውሮፕላን ላይ ለማይል የሚለቀቁት ወንበሮች ጥቂት መሆናቸውን፣ በዓል ሲቀርብ ደግሞ ጨርሶ እንደማይገኙ የምናገረው እኔ ነኝ። በማይል የተቆረጠ ትኬትም ቢሆን ግብርና የአውሮፕላን ማረፊያ ክፍያ እንዳለበት ስናገር ሐጂ ነስሩ መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏቸው ነበር።

«ነፃ ነው አላላችሁም?»

«ወንበሩ ነፃ ነው፣ ሐጂ። ግብሩ ነው የሚከፈለው።»

«ታዲያ ወንበሩን በነፃ ወስጄ አውሮፕላን ማረፊያውን ልከራይ ነው?»

ጋሽ ከድር ከውጭ ሆኖ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከእሳቸው በፊትም ከእሳቸው በኋላም ያንኑ የሚለኝ ሰው ነበር።

አቶ ግርማ ወልቂጤ ላይ ቅርንጫፍ በከፈቱ ጊዜ ለጥቂት ዓመት እዚያ ላኩኝ። የቅርንጫፍ ኃላፊ ተባልኩ። በቅርንጫፉ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሠራተኛ አልነበረም። እዚያ ደንበኞቼ ነጋዴዎች አልነበሩም። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፤ ማይሉን ሰጥቶ ከፊት፣ ሰፊው ወንበር ላይ መቀመጥ ፈለገ። ስንት ጊዜ ተመላልሶ፣ ስንት ጊዜ ስልክ ተደውሎ ተፈቀደለት። ሲመለስ እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅሁት። «ወንበሩ ይዘረጋል። ስለተዘረጋ ተኛሁ። ምግቡ ሲመጣ አልቀሰቀሱኝም» አለ። ተቆጥቶ ነው የነገረኝ፤ እኔ ያስተኛሁት ይመስል።

ከአታት የምትመጣ አንዲት ነርስ ደግሞ ነበረች። በዓመት አንዴ እህቷን ለመጠየቅ ትሄዳለች። ማይሏ ሊበቃ ሲቃረብ የቀድሞው ይቃጠላል፤ እንደገና ትጀምራለች።

«በዓመት አንዴ የሚሄድ ሰው መቼም አይደርስም ማለት ነው?» አለችኝ አንድ ቀን።

«አይደርስም።»

«ታዲያ ካርዱን ለምን ሰጣችሁኝ?»

ካርዱን የምንሰጠው አቶ ግርማ ብዙ አባል ባስመዘገቡ ቁጥር አየር መንገዱ ስለሚያመሰግናቸው ነበር። ይህን ለነርስ አይነግሩም።

ወደ ቡታጅራ ስመለስ ፖስተሩ ታድሶ፣ ሐጂ ነስሩ ወደ ብርማ ካርድ አድገው ጠበቁኝ። የማይል ዕቁብ የተጀመረው ያኔ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ሦስት ሰዎች አብረው ገቡ። አንዱ ሐጂ ነስሩ ናቸው፤ ብርድ ልብስና አንሶላ ይነግዳሉ። ሁለተኛው ደግፌ ነው፤ ጫማ ይሸጣል፣ ከሁሉም ወጣት ነው፣ አፉ አያርፍም። ሦስተኛዋ ወይዘሮ ዘይነባ ናት። ባሏ የሞተባት፣ የልጆች ልብስ ሱቅ ያላት፣ በዕድሜ ከእኔ ጋር የምትቀራረብ ሴት ናት። ሦስቱም በየጊዜው ለየብቻ ቻይና፣ ጓንዡ እየሄዱ ዕቃ ያመጡ ነበር።

«እትዬ አስካለ፣ ዕቁብ ልንገባ ነው» አለ ደግፌ።

«ግቡ። እኔን ምን አገባኝ?»

«የማይል ነው።»

መነጽሬን አወለቅሁ።

ያስረዳችኝ ዘይነባ ናት። ሦስት ሰው በሦስት ካርድ ሲበር የማናቸውም ማይል አይደርስም። ሦስት ሰው ሲበር ማናቸውም ወርቁን አያገኙም፤ ወርቁ ከሌለ ደግሞ ተጨማሪ ሻንጣው የለም። ለነጋዴ ትልቁ ነገር ሻንጣው ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ የሚበሩት ሐጂ ብቻ ይሆናሉ። የሁሉንም ዕቃ እሳቸው ገዝተው ያመጣሉ። ማይሉ በእሳቸው ካርድ ላይ ይጠራቀማል። አንድ የደርሶ መልስ ትኬት በሞላ ቁጥር ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣ የወጣለት በዚያ ትኬት ወደፈለገበት ይሄዳል። ሐጂ ዳኛ ናቸው።

«ማይል በስም ነው» አልኩ። «ካርዱ ላይ የተጻፈው የሐጂ ስም ነው። አየር መንገዱ ሌላ ሰው አያውቅም።»

«የዕቁብ ብርም እኮ ዳኛው ቤት ነው የሚቀመጠው» አለ ደግፌ። «ቤቱ የዳኛው ነው ብሎ የፈራ የለም።»

«ዳኛው አንድ ነገር ቢሆኑስ?»

«ልጃቸው ይተካል።»

«አየር መንገዱ ልጃቸውን አያውቅም።»

«እኛ እናውቀዋለን» አሉ ሐጂ፣ በእርጋታ።

አቶ ግርማ ከጓዳ ብቅ ብለው «ይተዉአቸው እትዬ፣ ይብረሩ» አሉ። ተውኳቸው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ሰመረላቸው። ሐጂ በአንድ ወቅት ደጋግመው ስለበረሩ ወርቁ መጣ። ሻንጣው ጨመረ። ዕቃቸው ሳይዘገይ ይገባል። ሐጂ በወርቁ ካርድ የሚገባበትን መጠበቂያ ክፍል ወደዱት። «ሾርባ አለ፤ ዳቦ አለ፤ ማንም ሂሳብ አይልህም» እያሉ ለገበያው ሁሉ ነገሩ። በተመለሱ ቁጥር ከዚያ ክፍል ያመጡትን የወረቀት ስኳር ባንኮኒዬ ላይ ያስቀምጡልኝ ነበር። እምቢ ብላቸውም አይሰሙም። መሳቢያዬ ስኳር ሞላ።

ችግሩ ሐጂ ለሰው ዕቃ መምረጥ አለማወቃቸው ነበር። አንድ ቀን ዘይነባ አንድ ክምር የሕፃን ልብስ ተሸክማ ቢሮ ገባች። ሐጂ ትኬት ሊያስቆርጡ መጥተው ነበር። ልብሱን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው። ሁሉም የአሸዋ መልክ ነው።

«ሐጂ፣ ይህን የማለብሰው ለሕፃን ነው ለግመል?»

«አፈር አያሳይም ብዬ ነው።»

«ልጁንም አያሳይም።»

«ለእኔም ጫማውን በራሳቸው እግር እየለኩ ነው የሚያመጡልኝ» አለ አብሯት የመጣው ደግፌ። «ሱቄ ገብታችሁ እዩት። መስቃን ወረዳ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሐጂ እግር ያለው ይመስላል።»

ልብሱን ከባንኮኒዬ ላይ እንዲያነሱልኝ ጠየቅሁ። የሚያነሳው ማን እንደሆነ ሲከራከሩ ሁለት ደንበኛ ቆሞ ጠብቆ ሄደ።

ወርቁ ካርድ ደግሞ ለዘላለም አይደለም። በየዓመቱ የተወሰነ ርቀት መብረር አለባቸው፤ ካልበረሩ ወደ ብርማው ይመለሳሉ። አንድ ዓመት ትንሽ ጎደላቸው። ንግድ ቀዝቅዟል፤ የሚመጣ ዕቃ የለም። ሐጂ መጥተው ናይሮቢ ደርሶ መልስ አስቆረጡ።

«ናይሮቢ ምን አለዎት?» አልኳቸው።

«ምንም የለኝም።»

ሄዱ። ከአውሮፕላን ማረፊያው አልወጡም። ሻይ ጠጥተው በመጡበት አውሮፕላን ተመለሱ። ወርቁ ታደሰ። የዚያን ቀን ትኬት የቆረጥኩት ተቸግሬ ነው። ሰው የሚሄድበት ኖሮት ነበር ትኬት የምቆርጠው።

የመጀመሪያው ዕጣ ለዘይነባ ወጣ። በዚያው ሳምንት የደግፌ ሱቅ ተቃጠለ፤ ካሉት ጫማዎች የተረፈ የለም። በዕቁብ ውስጥ ያለውን ወግ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ዕጣ የወጣለት ሰው ከእሱ የባሰበት አባል ካለ ዕጣውን ይለቅለታል፤ ለለቀቀው ደግሞ ተከታዩ ያለ ዕጣ የራሱ ነው። ዘይነባ ሳትጠየቅ ለቀቀችለት። ደግፌ በሐጂ ማይል ጓንዡ ሄዶ በራሱ ዓይን ጫማ መርጦ መጣ፤ በዱቤም የሚሰጠው ሰው አገኘ። ሱቁ እንደገና ቆመ። ያን ቀን ትኬቱን የቆረጥኩት ሳልቸገር ነበር። ምናልባት እነዚህ ሰዎች ከእኔ የተሻለ ገብቷቸዋል አልኩ፣ ለራሴ።

ቀጣዩ የዘይነባ ነበር። ማይሉ እየተጠራቀመ ሳለ አንድያ ልጇ ሐያት ከዱባይ ደወለች፤ አርግዛለች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ዘይነባ ነገሩን የነገረችኝ ቆማ ነው፤ እንደ ሌላው ጊዜ አልተቀመጠችም።

«በዕጣዬ እሄዳለሁ» አለች። «ከመውለዷ በፊት መድረስ አለብኝ። ብቻዋን ናት።»

መውለጃዋ ከዓረፋ በኋላ ነው ተባለ። ቪዛ ወጣ። የሐጂ ማይል ሞላ። እኔም ትኬቱን ልቆርጥ ስቀመጥ ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለኝ። ከአየር መንገዱ የመጣውን መልእክት ከፈትኩት። ደንቡ ተለውጧል። ከእንግዲህ በአንድ ሰው ማይል ትኬት የሚቆረጠው ለራሱ ለባለ ካርዱ፣ ለትዳር ጓደኛው፣ ለልጆቹና ለወላጆቹ ብቻ ነው።

ሦስቱም ባንኮኒው ፊት ቆመው ነበር። አነበብኩላቸው።

«እህቴ ናት ብለሽ ጻፊ» አሉ ሐጂ። «ውሸትም አይደለም።»

«እህት አልተጻፈም፣ ሐጂ። ቢጻፍም ማስረጃ ይጠይቃሉ።»

«እህት ዘመድ አይደለችም?»

«ለአየር መንገዱ አይደለችም።»

ደግፌ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። «እንግዲህ ወይ ኒካህ ነው ወይ ማደጎ ነው።»

«ሐጂን በማደጎ ላሳድጋቸው?» አለች ዘይነባ። «ወላጅ ይፈቀዳል ብለሻል አይደል፣ አስካለ?»

«ኒካሁ ይሻላል። አንድ ሻንጣ ይጨመርልሻል» አለ ደግፌ።

«ለአንድ ሻንጣ ብዬ የሐጂን ምርጫ ዕድሜ ልኬን ልለብስ ነው?»

ሐጂ ራሳቸው ሳቁ። ደግፌም ሳቀ። ሳቃቸው ሲያልቅ ሁሉም ወደ እኔ ተመለከቱ፤ ደንቡን ያወጣሁት እኔ እንደሆንኩ ሁሉ።

የጥሪ ማዕከል ደወልኩ። ሙዚቃውን ሰማሁ። ያ ሙዚቃ አሁንም አንዳንድ ጊዜ ቤቴ ውስጥ ጆሮዬ ላይ ይመጣል። በመጨረሻ አንዲት ጨዋ ልጅ አነሳች።

«ይቅርታ እናቴ፣ ሲስተሙ አይቀበልም።»

«ሲስተሙን አልጠየቅኩም። አንቺን ነው የጠየቅኩት። ባለ ካርዱ ፈቅደዋል፤ እዚህ አጠገቤ ቆመዋል።»

«ይገባኛል እናቴ። ግን ሲስተሙ አይቀበልም።»

«ደንቡ ከመለወጡ በፊት የተጠራቀመ ማይል ነው።»

«ልክ ነው እናቴ።»

«ታዲያ?»

«ሲስተሙ አይቀበልም።»

ተናድጄ አልጮህኩባትም። እሷም እንደ እኔ የሌላ ሰው ደንብ የምታነብ ነበረች።

መፍትሔውን ያመጣው ደግፌ ነው። ሐጂ በራሳቸው ማይል ለራሳቸው ትኬት ይቁረጡ፤ ጓንዡ በነፃ ይሂዱ። ለዚያ ጉዞ ሊያወጡት የነበረው የትኬት ሂሳብ ለዘይነባ የዱባይ ትኬት ይሁን። ዕጣው በዚያው መንገድ ለባለቤቱ ይደርሳል። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ዘይነባም ተቀበለችው። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፤ ለሐጂ የማይል ወንበር አልተገኘም። ዓረፋ እየቀረበ ነው፤ ለበዓሉ ወደ ጉራጌ የሚገባው ሰው ከየአገሩ እየመጣ ነው፤ ለማይል የተለቀቁት ጥቂት ወንበሮች አልቀዋል።

በየቀኑ ጠዋት ቢሮ ስከፍት የመጀመሪያው ሥራዬ የሐጂን ቁጥር አስገብቼ ማየት ሆነ። የለም። ዘይነባ ከግድግዳው ጋር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ከሥሯ ሻንጣዋ አለ። ውስጡ ለአራሷ ገንፎ የሚሆን ቡላ፣ በላስቲክ ዕቃ የታሸገ ቅቤ፣ ለሕፃኑ ደግሞ ራሷ አዲስ አበባ ሄዳ የመረጠችው ልብስ ነው። የአሸዋ መልክ አልነበረም። ሱቋን እየዘጋች ነው የምትመጣው። ቢሮው ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ አቶ ግርማ አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ ደንበኛ ሲገባ በሩን ክፍት አድርጉት ይላሉ።

«የዱባዩን ወንበር በገንዘብ ልያዝልሽ» አልኳት በመጀመሪያው ሳምንት። «አለ። በየቀኑ አለ።»

«ነገ ይገኝ ይሆናል» አለች።

ደግፌ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። «እኔ ልግዛልሽ። ሱቄ የቆመው በአንቺ ዕጣ ነው።»

«ዕጣ ነው የለቀቅኩልህ። አላበደርኩህም።»

«ስጦታ በይው።»

«እናትሽ በመዋጮ ወደ አንቺ መጣች እንዲባልባት አልፈልግም። ዕጣዬ አለ። በዕጣዬ እሄዳለሁ።»

«ዕጣሽን ሲስተሙ ይዞታል።»

«ይለቀዋል።»

ሐጂም ለመኗት። እሳቸውንም መለሰቻቸው። የከፋ ነገር አልተናገረችም፤ ብቻ አልተነሳችም። ያን ጊዜ የተናደድኩት በሁለቱም ነበር። አየር መንገዱ አልለቅም አለ፤ ዘይነባ አልነሳም አለች። እኔ በየጠዋቱ ያንኑ ቁጥር እያስገባሁ ያንኑ «የለም» ለአንዲት ሴት እነግራለሁ። የሐጂ አውሮፕላን ወንበሮች ስክሪኔ ላይ ይታዩኛል። ባዶ ናቸው። ለሽያጭ ባዶ፣ ለማይል ሙሉ። ይህን ለሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ለራሴም ማስረዳት አልቻልኩም።

አንድ ጠዋት መብራት ጠፍቶ ጋሽ ከድር ጄኔሬተሩን ሲያስነሳ የዘይነባ ስልክ ጮኸ። የጄኔሬተሩ ጩኸት ስለረበሻት የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ አነሳችው፤ ሁላችንም ሰማን። የደወለችው ከሐያት ጋር በአንድ ቤት የምትኖር የጉንችሬ ልጅ ነበረች።

«እማማ፣ ሐያት ወለደች። ከቀኗ ቀድማ ነው፣ ሌሊት። ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ዘይነባ። «ማን ነበር አብሯት?»

«እኔ ነበርኩ፣ እማማ።»

«ባሏስ?»

«መንገድ ላይ ነው። ነገ ይደርሳል።»

«እጇን ይዘሻት ነበር?»

«አዎ። እስክትገላገል አለቀቅኋትም።»

«አላህ ይስጥሽ» አለችና ዘጋች።

ጄኔሬተሩ ተነሳ። ኮምፒውተሬ በራ። ዘይነባ ከአግዳሚው ተነስታ ባንኮኒው ጋ መጣች።

«አስካለ፣ የዛሬው የዱባይ አውሮፕላን ላይ ቦታ አለ?»

«አለ።»

«የማይል ነው?»

«አይደለም። የሚከፈልበት ነው።»

«ትናንትም ነበር?»

«ነበር።»

«በፊትስ?»

«ሁልጊዜም ነበር።»

ይህን በተለያየ ቀን ነግሬያት ነበር። ያን ቀን እንደ አዲስ ጠየቀችኝ፤ እኔም እንደ አዲስ መለስኩላት።

«ቁረጪልኝ» አለች።

ማን እንደከፈለ አልጠየቀችም። ሐጂና ደግፌ መጥተው ተነጋገሩ፤ እኔም ገንዘቡን ተቀበልኩ። ስሟን ከፓስፖርቱ ላይ ሳስገባ አቶ ግርማ ከኋላዬ መጥተው «የድሮ ካርዷ ተዘግቷል እኮ፤ እንደገና ያስመዝግቧት፣ ማይሉ አይቅርባት» አሉኝ። ዞር ብዬ አየኋቸው። ከልባቸው ነው የተናገሩት። አስመዘገብኳት። ሰማያዊ ካርድ ተሰጣት።

ሻንጣው ሲመዘን ኪሎው አለፈ። የሐጂ ወርቅ ካርድ ለተጨማሪ ሻንጣ የሚሠራው ሐጂ ራሳቸው ሲበሩ ብቻ ነው። ዘይነባ የቡላውን ግማሽ አውጥታ ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጠች፣ ቅቤውን አልነካችም። ደግፌ ሻንጣውን ተሸክሞ እስከ መናኸሪያ ሸኛት። ቡላውን ጋሽ ከድር ወሰደው።

ለሐጂ የማይል ወንበር ዓረፋ ካለፈ በኋላ ተገኘ። በቂ ሆኖ የነበረው ማይል እስከዚያ ጥቂቱ ስለተቃጠለ ሁለቱን ጉዞ አልሸፈነም፤ ለመሄጃው ብቻ ሆነ። መመለሻውን ከፈሉ። የማይል ዕቁቡ ፈረሰ። የገንዘቡ ዕቁብ አሁንም አለ፤ ዳኛው ሐጂ ናቸው።

በትኬት ሥራ ላይ ያላችሁ ልጆች ካርዱ ጥቅም የለውም አልላችሁም። ለሐጂ ነበረው። ብዙ የሚበር፣ በራሱ ስም የሚበር፣ ዛሬ ካልሆነ ነገ ቢሄድ የማይቸግረው ሰው ይጠቀምበታል። ሻንጣው እውነት ነው፤ ሾርባውም እውነት ነው። ከእኔ ሌላ ነገር አትጠብቁ።

ሥራ የለቀቅሁ ቀን ቢሮው ውስጥ እንደገና አምስት ነበርን። አቶ ግርማ ወንበር ላይ ቆመው አዲስ ፖስተር ይሰቅሉ ነበር። ጋሽ ከድር ወንበሩን ይዞላቸዋል። ሰላማዊት የምትባለው አዲሷ ሠራተኛ በእኔ ቦታ ተቀምጣለች፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜ ጣቴን በትከሻዋ ላይ አሳልፌ ቁልፎቹን አሳያታለሁ። ዘይነባ ከባንኮኒው ፊት ቆማለች። ከዱባይ ከተመለሰች ቆይታለች። የልጅ ልጇን ፎቶ አሳየችኝ፤ ልብሷ ቀይ ነው። ከዚያ ከቦርሳዋ ሰማያዊውን ካርድ አወጣች።

«ስንት ደረሰልኝ?» አለች።

ሰላማዊት ወደ እኔ ቀና ብላ አየች። የዘይነባን ማይል አየሁላት። ትንሽ ነበር።

«ልጅቷ መራመድ ስትጀምር ልሄድ ነው» አለች ዘይነባ። «በዚህ እሄዳለሁ?»

«ማይል መቼም ቢሄድ ግድ ለሌለው ሰው ነው። የሚደርስበት ቀን ያለው ሰው ትኬት ይገዛል» አልኳት።

«ይህን ቀድመሽ አትነግሪኝም ነበር?»

«ነግሬሻለሁ።»

«ነግረሽኛል» አለች።

መሳቢያውን ለሰላማዊት ከፈትኩላት፤ ስኳሩ እንዳለ ነው። የቢሮውን ቁልፍ አጠገቡ አስቀመጥኩ። ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ።